ምንይችል የሮጠ ቀን

ምንይችል ተቀዶ የሚያንጠባጥበውን የቤንዚን ታንከር ከአሮጌው ፒካፕ ሆድ አውርዶ፣ ያለውን ነዳጅ አንጠፍጥፎ፣ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበው። ከዚያ አፉን ወደ አሸተን ማርያም ተራራ አዙሮ ድንጋይ ላይ አስተኛውና ፍርዱን ሰጠ።

«ይንፈስበት።»

ይህን የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ዓለም ስትሮጥ እሱ ተቀምጦ ያያታል። የላሊበላው መካኒክ፣ ክቡር ምንይችል፣ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት እንዲያስታርቅ ተጠርቶ «ትንሽ ይንፈስበት» ብሎ ወጣ፤ ሁለት ዓመት ነፈሰበት። እሱ ራሱ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። የትዳሩን ነገር እስካሁን እያናፈሰው ነው።

የፒካፑ ባለቤት እትዬ ፈትለወርቅ ጠላ ጠማቂ ናቸው። ጋራጁ አጠገብ ይኖራሉ። እሑድ የእህታቸው ልጅ ሰብሌ ከጋሸና ወዲያ ባለችው ኮን ከተማ ትዳራለች፤ የሠርጉ ጠላ ደግሞ ከእሳቸው ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«ሳሙና ለጥፍበትና ልሂድ!»

«ሳሙናው የሚይዘው ጋሸና ድረስ ነው፣ እትዬ። ከዚያ ወዲያ ጸሎት ነው የሚያደርስዎ።»

«ታዲያ በይደዋ! ምን ያስተኛዋል?»

«ቤንዚኑ ቢወጣም ትነቱ አልወጣም። አሁን ብልጭታ ባሳየው እኔም እርስዎም ሳንናዘዝ ነው የምንሄደው። ቅዳሜ ውሃ ሞልቼ እበይደዋለሁ።»

«የዘንድሮ ቅዳሜ ነው?»

ዓርብ ከሰዓት ጋራጁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ነፋሱ ከተራራው ወርዶ በታንከሩ አፍ ላይ ሲያልፍ ሩቅ ቅዳሴ የሚመስል ዝቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። የደመና ጥላ መጣ፤ በእሱና በእኔ በረዳቱ ላይ አለፈ፤ ሄደ። ምንይችል ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቷል። ጋራጁ ከምድር ጥቂት ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። የእኔም ዓይን ተከደነ።

ስገልጠው እትዬ ፈትለወርቅ ታንከሩ ላይ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ።

«ይሸታል» አሉ፤ ወደ ቤታቸውም ገቡ።

የታጠበ ጋን ከሸተተ በወይራ ይታጠናል። ይህን የማያውቅ ጠማቂ ላስታ ውስጥ የለም። እትዬ ፈትለወርቅ በገል ላይ የሚጨስ ወይራ ከነፍሙ ይዘው ተመለሱ።

ምንይችል ሮጠ።

እንዲህ ሲያደርግ ማንም አይቶት አያውቅም። ባርኔጣው ወደ ኋላ ቀረ። ፍሙን በባዶ እጁ አፍሶ የውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመረው።

«ምን ነካህ አንተ!»

«እትዬ» አለ እያለከለከ፣ «ጋን ሲታጠን ጠላው ይጥማል። ይሄ ሲታጠን ጋራጁም እኛም የለንም።»

እሳቸው ታንከሩን አዩ፤ መዳፉን አዩ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔን! እንዲያው ሽታው እንዲለቀው ብዬ…»

«ነፋሱ ይወስደዋል።»

ለካ ዕድሜውን ሙሉ ሩጫውን ሲያጠራቅም ኖሯል።

ቅዳሜ ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ከቀዳዳዋ በታች ያለውን የታንከሩን ክፍል እትዬ ፈትለወርቅ በጆግ እየቀዱ ውሃ ሞሉት። እሱ በግራ እጁ በየደ። ታንከሩን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ አንድም ጊዜ «ቶሎ በል» ሳልለው።

ፒካፑ እሑድ ማለዳ ከላሊበላ ወጣ። ኮን የገባው ሙሽራው ከመድረሱ አርባ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው።