አቻ እንውጣ ያሉኝ ሰው

ይህ ነገር ለወሬ ይበቃ እንደሆነ እንጃ። ማንም ያላሸነፈበትን የቼዝ ጨዋታ ማን ብሎ ያነባል? ግን እናንተስ፣ ሰው ደግ ሲሆንላችሁ «ምን ፈልጎ ነው?» ብላችሁ አታውቁም? እንግዲያውስ ወገኖቼ ናችሁ።

ታኅሣሥ ላይ የካ ውስጥ በተደረገ ውድድር፣ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው፣ በመጨረሻው ዙር ጡረታ ከወጡት መምህር ከጋሽ ታፈሰ ጋር ጨዋታ ደረሰኝ። የክፍለ ከተማው ቡድን ውስጥ ለመግባት ለሁለታችንም ግማሽ ነጥብ ይበቃን ነበር። ወታደሮቻችን መሃል ላይ ግንባር ለግንባር ተፋጠው፣ ሰሌዳው እንደ ቀበና ሰፈር የግቢ አጥር ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ጋሽ ታፈሰ ገና በአሥራ ሁለተኛው እርምጃ «አቻ እንውጣ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለምን? እኔ ያላየሁትን ምን አይተው ነው?

«አይ ጋሼ፣ እንጫወት» አልኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ እኔ ፈረሴን አወጣሁ፣ መለስኩ፤ እሳቸው ንጉሣቸውን ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። አጥሩን የተሻገረ የለም። በመጨረሻ ሲደክመኝ «በቃ፣ አቻ እንውጣ» አልኩ።

ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን አስተካክለው አፈጠጡብኝ። «አሁን ደግሞ ምን አይተህ ነው?» አሉና ሌላ አንድ ሰዓት አጫወቱኝ። ከዚያ በአቻ ተለያየን፤ ሁለታችንም ቡድኑ ውስጥ ገባን።

ስንወጣ «ጋሼ፣ ቅድም ገና በጠዋቱ አቻ እንውጣ ያሉኝ ለምን ነበር?» አልኳቸው።

«ሽንቴ ወጥሮኝ ነበር፣ ልጄ!»

እናንተ ታምናላችሁ? እኔ ቤቴ ገብቼ ሰሌዳውን ዘርግቼ ወጥመዱን ስፈልግ ከረምኩ። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣ፣ ወጥመድ እንዳልነበረ ያመንኩት ጥር 13 ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ነው።