የትንሣኤ ጉዳይ በበርበሬ ተራ

ምሥራች ይዤላችኋለሁ። የማን እንደሆነ ትንሽ ታገሡኝ፤ ሰውየውን ካላወቃችሁት ምሥራቹ አይጥማችሁም።

በየከተማው፣ ማረጋገጫ ካልቀረበለት ፀሐይ መውጣቷን የማይቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። የቡታጅራው የእህቴ የትርንጎ ባል፣ አናጢው ጋሽ ካሳሁን ናቸው። "አይተህ ነው ሰምተህ?" ይላሉ። መስቃን ላይ ዘነበ ሲባሉ፣ ከዚያ የመጣ ጋሪ ጎማው ጭቃ መንካቱን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ልጃቸው ሰላም የተወለደች ዕለት እየሮጥኩ ሄጄ ብነግራቸው፣ "ገብተሽ አየሻት ወይስ በር ላይ ነገሩሽ?" አሉኝ። በር ላይ ነበር የነገሩኝ። መልሰው ላኩኝ።

እኛ እንስቃለን፤ ትርንጎ ግን አትስቅም። ጋሽ ካሳሁን እሑድ እሑድ ከጎኗ ቸርች ይቀመጣሉ፣ ይዘምራሉ፣ የተሰበረ አግዳሚ ይጠግናሉ። ይጠመቁ ሲሏቸው ግን "የትንሣኤው ምርመራ አላለቀም" ነው መልሳቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ። ለሶፋ የታሰበው ግድግዳ በታሪክ መጻሕፍት ተሞልቷል። አንድ ፋሲካ ፓስተሩ "ጌታ ተነሥቷል" ሲል ለጥያቄ ከኋላ እጃቸውን አወጡ፤ ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ዛሬ ጠዋት በርበሬ ልገዛ ጋሽ ከማሉ ሱቅ ስገባ ጋሽ ካሳሁን ቀድመውኛል። ጋሽ ከማሉ ሙስሊም ናቸው፤ የወሰን ክርክር ሲነሣ ሁለቱ አብረው ሽምግልና ይቀመጣሉ።

"የትንሣኤውን ነገር እንደ ወሰን ክርክር አድርገህ ስማኝ" አሉ ጋሽ ካሳሁን።

"ሃይማኖቴ ምን እንደሚል ታውቃለህ" አሉ ጋሽ ከማሉ በርበሬ እየመዘኑ። "እንደ ሽማግሌ ብቻ ልጠይቅህ። ምስክሮችህ እነማን ናቸው?"

"መቃብሩን ባዶ ሆኖ መጀመሪያ ያገኙት ሴቶች ናቸው።"

"በአባቶቻችን ሽምግልና የሴት ቃል ማን ሰምቶት? ፈጥሮ የሚያወራማ ወንድ ነበር ምስክር አድርጎ የሚቆጥረው። ቀጥል።"

"ቃላቸው በሙሉ አይገጥምም። አንዱ አንድ መልአክ ይላል፣ ሌላው ሁለት።"

"ቢገጥም ተመካክረው መጡ ብለን እናባርራቸው ነበር። ከጠላት ወገንስ?"

"ጳውሎስ አለ። አሳዳጅ ነበር።"

ጋሽ ከማሉ ሚዛኑን አስቀመጡ። "እንግዲህ ሰዎቹ አየን ያሉትን ከልባቸው እንዳመኑት ምስክር ያሳየናል። ያዩት ምን እንደሆነ ግን እኔም አንተም ከዚህ በርጩማ ላይ ሆነን አንፈርድም። ምስክር ሲያልቅ እኛ ምን እናደርጋለን?"

"እናስምላለን።"

"ማንን?"

"የእኔ ነው የሚለውን።"

"ታዲያ ሃያ ዓመት ምን ያስቀምጥሃል? ወይ ማል፣ ወይ መሬቱን ልቀቅ።"

የጋሽ ካሳሁን ዓይን እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው አሉ። እኔም በርበሬው ነው ብዬ የራሴን ጠረግሁ።

"እምላለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እሑድ እጠመቃለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ጋሽ ከማሉ። "እኔ በሃይማኖቴ እንዳለሁ ነኝ፤ ግን ከእንግዲህ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። በል ለትርንጎ ደውልላት።"

ትርንጎ ወልቂጤ ሄዳ የወለደች ልጇን ሰላምን እያረሰች ነው። ጋሽ ካሳሁን ስልካቸውን አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። "እኔ ብነግራት ቀለደብኝ ትላለች" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ሂጂ። እዚህ ቆመሽ ሰምተሻል።"

እኒህን ሰው ስንቴ አማኋቸው። ሳይጠይቅ የሚያምን በየቤቱ ሞልቷል፤ ለአንድ "አምናለሁ" ሃያ ዓመት ደጅ የጠና ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ደግሞ ምስክር ብለው የላኩት እኔን ነው።

በርበሬዬን እዚያው ረስቼ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ይህችን የጻፍኩት ሚኒባሱ እስኪሞላ ነው። አሁን ሞተሩ ተነሣ፤ ልሂድ፣ ትርንጎ ገና አልሰማችም።