በሽማግሌ የተጣመመ መንገድ

ወዳጄ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ባየህ ቁጥር መሐንዲሱን አትማው። የሚታማ ካስፈለገ እኛ አለን።

በጃንሆይ ጊዜ ነፋስ ስልክ ገና ግማሹ ገጠር ነበር። ጠዋት ላም እየተነዳ ያልፋል፤ ከላሞቹ ኋላ ደግሞ ወደ ፋብሪካ የሚገሰግስ ሠራተኛ። ክረምት ሲገባ ጫማ በእጅ ተይዞ ነው አውቶቡስ የሚጠበቀው። ችግር አልነበረም አልልህም። ግን ሾላችን ነበረ! ከሾላው ሥር ጥርስ የሚያሳምም ቀዝቃዛ ምንጭ። የምንጠጣው ከዚያ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ዝቅ ብሎ ነው፤ የተጣላ የሚታረቀው ደግሞ ጥላው ሥር ነው። ዛሬም ውሃ ሲጠማኝ ትዝ የሚለኝ ያ ምንጭ ነው። ናፈቀኝ፣ ምን ላድርግ?

ሾላው የማን ነው ቢባል የሁሉም። የሚሳሱለት ግን ኦቦ ደበላ ነበሩ። እኛ ከየአገራችን ተሰባስበን ሳንመጣ አያት ቅድመ አያታቸው እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅርንጫፍ ተሰብሮ ካዩ የልጃቸው ክንድ የተሰበረ ያህል ይንገበገቡ ነበር።

አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ለሰፈሩ ፕላን ላወጣ ነው አለና አንድ ወጣት መሐንዲስ ላከ። ልጁ ክራቫቱን አስሮ፣ ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ መነጽሩን አስይዞ መጣ። ሰዉን ሾላው ሥር ሰብስቦ፣ ሰፈራችሁ እንዴት እንዲሆን ትፈልጋላችሁ ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ብሎ ጠይቆን የሚያውቅ ሰው የለምና መጀመሪያ ደነገጥን። ከዚያ ማን ይቻለን! የተነሣው ሁሉ ከምንም በፊት ሾላውና ምንጩ ይጠበቁልን አለ። ባሻ ወልዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ሾላውን የነካ እኔን ይንካ ብለው ፎከሩ። መሐንዲሱ ደስ አለው። መንገዱን ከሾላው አርቆ፣ ቀጥ አድርጎ ችካል ተከለ። በሾላው ዙሪያም ቤት የማይሠራበት መስክ ከለለ።

ችግሩ ምን መሰለህ? ቀጥ ያለው መስመር የባሻን አጥር ይነካል።

አንተ ብትሆን ማመልከቻ ትጽፍ ይሆናል። እኛ ሽማግሌ ላክን። ባሻ አባቴንና ሁለት ጎረቤቶች ለመኑ፤ እነሱም ልክ ልጃችሁን ለልጃችን እንደሚባለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው መሐንዲሱ ዘንድ ሄዱ። ተቀመጡ ሲላቸው፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ልጁ ውጭ አገር ብዙ ተምሯል፤ ሽማግሌ አቁሞ ማነጋገር ግን አልተማረም። ጨዋ ያሳደገው ነው። መንገዱን ትንሽ ፈቀቅ አደረገላቸው።

ፈቀቅ ያለው መንገድ የእትዬ አሰለፈችን ማድ ቤት ነካ። እትዬ አሰለፈች ባላቸው ሞተውባቸው፣ ጠላ እየሸጡ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እንዴት ዝም ይባላል? ሽማግሌ ተላከ። መንገዱ ደግሞ ፈቀቅ። ከዚያ የአንዱ በረት፣ ከዚያ የሌላው ጎመን መደብ። ለጎመን ሽማግሌ ተላከ ስልህ! አባቴ ጋቢውን ማውለቅ ትቶ ነበር። ክፉ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። እያንዳንዱ የጠየቀው ትንሽ ነው።

መንገዱ እየተገፋ እየተገፋ ሾላው ላይ ደረሰ።

ኦቦ ደበላ ችካሉን ከግንዱ አጠገብ ሲያዩ ቤት ለቤት ዞሩ። ሽማግሌ ሁኑኝና ለሾላው እንለምን አሉ። ሰዉ ሁሉ እንዴታ፣ ምን ገዶን አለ። በነጋታው ግን ባሻን ወገባቸውን አመማቸው። እትዬ አሰለፈች ጠላ የሚጠምቁበት ቀን ሆነ። አባቴ ለቅሶ ነበረበት። እውነቱን ነው፣ ሰው ሞቷል፤ ቢሆንም ለቅሶው ሳይመቸው የቀረ አይመስለኝም። መንገዱ ከሾላው ቢሸሽ ወደ ማን አጥር እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃላ።

ኦቦ ደበላ ብቻቸውን ሄዱ። መሐንዲሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለገ።

"አባባ፣ ሽማግሌ ብቻውን ይመጣል እንዴ?"

ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን አነሡ፤ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ሾላው ሲወድቅ ሰፈሩ አለቀሰ። የምሬን ነው፤ አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንባችንን ጠርገን ስናበቃ ማዘጋጃ ቤቱን ረገምን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉሃል እንዲህ ነው። ምንጩም ጥላው ሲጠፋ ብዙ አልቆየም፣ ነጠፈ።

ውሃ ስናጣ ምን አደረግን? ሽማግሌ ላክን እንጂ! ቦኖ ውሃ ይግባልን ለማለት ሰፈሩ በሙሉ ጋቢ ለብሶ ሄደ። ያን ቀን ወገቡን ያመመው የለም። መሐንዲሱ አሁንም እሺ አለን፣ ቧንቧውንም አስመጣልን። ቦኖው የት ይተከል ሲል ግን መጠቋቆም ጀመርን። ውሃውን ሁሉም አጠገቡ ይፈልጋል፤ ጭቃውና የወረፋው ጠብ ደግሞ ለጎረቤት። ባሻ ወደ እትዬ አሰለፈች ደጅ አመለከቱ፤ እትዬ አሰለፈች ወደ እኛ ደጅ። አባቴ ጋቢውን ማስተካከል ሲጀምር፣ ኦቦ ደበላ መንገዱ ዳር የቀረውን የሾላ ጉቶ በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ትከሉት" አሉ። "እሱ እንደሆነ ሽማግሌ አይልክም።"