የፑዋ ቡራሂማ የመጨረሻ ዘፈኖች

«ሸራዬን ወጥሬ፣ ባሕሩን አቋርጬ፣
እምም... እምምም... ከደጅሽ ተቀምጬ...»

መሃሏ የጠፋባትን ይህችን ዘፈን እያንጎራጎረ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ሌላ ምልክት አያስፈልጋችሁም። ክቡር ፑዋ ቡራሂማ ናቸው። ጊታሩ እንደ ሕፃን ጀርባቸው ላይ ታዝሏል፤ ጥቁር ቆባቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ዘምሟል። የመሃሏን ስንኝ እሳቸውም አያስታውሷትም። «ስደርስባት ራሷ ትመጣለች» ይላሉ። እስካሁን አልመጣችም።

ባሕር ዳር በተቆረቆረ መንደር ሁሉ መስጊድ አይጠፋም፣ ጀልባ ጠራቢ አይጠፋም፣ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» የሚል ጊታር መቺም አይጠፋም። ይህን ሰው ውሸታም እንዳትሉት። እንደ ሲጋራ አጫሽ ነው፤ ሲናገር ከልቡ ነው፣ የሚክደው እጁ ነው። ለእኛ ለማንዳር ባሕረኞች የደረሱን ፑዋ ቡራሂማ ናቸው። «ፑዋ» የምንለው ለምናከብረው ታላቅ ሰው ነው፤ እሳቸውንም እናከብራቸዋለን፣ ዘፈን ካልጀመሩ።

የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በአጭሩ ሲነገር ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

የመጀመሪያ ጊታራቸውን የሠሩት ከተሰበረ ጀልባ ሳንቃ ነው ይባላል፤ ክሩ ደግሞ የአባታቸው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነበር። አባትየው ባሕር ሊወርዱ ሲሉ ክራቸውን ፈልገው ፈልገው፣ ከቤት ጀርባ ሲዘፍን አገኙት።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ምን ልንበላ ነው?»

«ቆይ አባባ፣ ይቺን ልጨርስና።»

ያቺን እስከ ዛሬ አልጨረሷትም።

ጎልማሳ ሲሆኑ ማካሳር ከተማ ሄደው ካሴት አስቀዱ። የሽፋኑ ፎቶግራፍ ዛሬም አለ፤ ከረባት አስረዋል፣ ጊታሩን ግን ገና እየተንፈራገጠ እንዳለ ትልቅ ዓሣ ጨብጠውታል። ቀጂው «በአንድ ገጽ አምስት አምስት ዘፈን» ብሏቸው ነበር። ፑዋ ቡራሂማ አንዱን ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፣ ዘፈኑ አላለቀም። ካሴቱ ተገለበጠ፤ ሁለተኛውም ገጽ አለቀ፣ ዘፈኑ አላለቀም። «ውዴ ሆይ፣ ነፍሴ ከ...» እንዳሉ ካሴቱ ቀጥ አለ። ካሴቱ በየሚኒባሱ ተጫወተና የመንደራችን ልጆች ዛሬም ሲዘፍኑት «ነፍሴ ከ...» ይሉና አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ዘፈኑ እዚያ የሚያልቅ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ሠርግ ሆነ። በእኛ ዘንድ የሠርግ ጊታር መቺ የሚጠራው ለጭፈራ አይደለም። ዳሱ ጥግ ይቀመጥና ለእንግዳው ሁሉ በየስሙ ስንኝ ያወርዳል፤ ያወድሰዋል፣ ይነካካዋል። የተነካ ሰው ዝም ብሎ መሄድ ነውር ነው። ወይ በስንኝ ይመልሳል፣ ወይ መጥቶ ከጊታሩ ፊት ቁጭ ይላል፤ ተሸንፌያለሁ ማለቱ ነው።

እንግዲህ እንግዳ የማያልቅበት አገር ላይ ዘፈን የማያልቅበት ሰው ቢጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው ገብተው፣ ወንበሩ ተሰብስቦ፣ ዳሱ ሲፈርስ፣ እሳቸው ምሰሶ ለሚነቅሉት ሰዎች በየስማቸው ይዘፍኑ ነበር። አንደኛው ምሰሶውን እንደተሸከመ ስንኝ መለሰ፤ ምን ያድርግ!

ባለቤታቸውን እትዬ ሩጋያን «እንዴት አገቧቸው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ደረቅ ብለው ይመልሳሉ፦ «የጠየቀኝ በዘፈን ነው። እሺ ያልኩት እንዲያበቃ ብዬ ነው።»

እኔም ስቄባቸዋለሁ፤ አሁንም እስቅባቸዋለሁ። ስለ እኔ ሠርግ ግን ልንገራችሁ።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ ሳኑሲ በአንድ ጀልባ ነበር የሚያጠምዱት። አንድ ቀን ማዕበል ተነሳና የተመለሰው አጎቴ ብቻ ሆነ። እናቴ በለቅሶው መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድምህን የት ጥለኸው መጣህ?» አለችው። አጎቴ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደጃችንን ደፍ አልረገጠም።

አባት የሌላትን፣ ወንድም የሌላትን ልጅ የሚድራት የአባቷ ወንድም ነው። አጎቴም «እመጣለሁ» ብሎ ልኮ ነበር፤ መጣም። አዲስ ሽርጥ አገልድሞ፣ ከአጥራችን ውጪ ካለው ማንጎ ሥር ቆመ። ሽማግሌ ቢላክበት «እዚሁ ደህና ነኝ» አለ። እናቴ የዓሣው ድስት ላይ አጎንብሳ «በሩ ክፍት ነው» አለች። እሱ አንድ የይቅርታ ቃል ይፈልጋል፤ እሷ ድስቷን ታማስላለች።

እኔ ውስጥ ነኝ፤ የሙሽራ ልብሴ ከብዶኝ በሳንቃው ግድግዳ ስንጥቅ አያለሁ። ፑዋ ቡራሂማ ዳሱ ጥግ ይዘፍናሉ፤ ኢማሙ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። አጎቴ ካልገባ መንግሥት የሾመው ሰው ሊድረኝ ነው። ኒካው አይበላሽም፤ ግን «አጎቷ በቁሙ ሹም የዳራት» የሚለው ስም ከእኔ አልፎ ለልጆቼ ይተርፋል።

«ፑዋ፣ ይብቃ እንግዲህ። ልንጀምር ነው» አሉ ኢማሙ።

«ይቺ የመጨረሻዬ ናት፣ ኢማም» አሉና ፑዋ ቡራሂማ ስንኟን በራሳቸው በኢማሙ ላይ አወረዷት። ኢማሙ ደግሞ ስንኝ ነፍሳቸው ነው። ተቆጥተው ተነሡ፣ ተነሥተው መለሱ፣ መልሰው ደስ አላቸው። ፑዋ ጨመሩ፤ ኢማሙም ጨመሩ። ሰዓቱ ተረሳ።

ቀጥሎ ፑዋ ቡራሂማ ክሩን ቃኘት ቃኘት አድርገው ፊታቸውን ወደ ማንጎው አዞሩ።

«ሁለት ሆነው ወጡ፣ ወንድማማች ጀልባ፣
አንዱ ባሕር ቀረ፣ አንዱ ግን አልገባ፤
ያባት ወንበር ባዶ፣ ልጂቱ ሙሽራ፣
ከማንጎው ሥር ያለው፣ ማን ብዬ ልጥራ?»

እንግዳው ሁሉ ወደ ማንጎው ዞረ። የአጎቴ ድምፅ እንደ መልሕቅ ነው፤ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። በስንኝ መመለስ አይሆንለትም። ፊቱን መልሶ ሊሄድ ሲል ነፍሴ ተከትላው ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ጊታሩ ግን አላቆመም። አሁን ወደ ማድ ቤቱ ዞረ።

«ጭስ ነው ወይስ ዕንባ፣ ዓይንሽን ያቀላው?
ባሕር የበላውን፣ ወንድሙ አልበላው።»

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። ስንኝ አልመለሰችም፣ ከጊታሩ ፊትም አልተቀመጠችም። እንግዳውን ሁሉ መሃል ለመሃል ሰንጥቃ፣ በሩን አልፋ፣ ማንጎው ሥር ደረሰች።

ይሄኔ ፑዋ ቡራሂማ አፋቸውን ዘጉ፤ ያለ አንዳች ቃል ጊታሩን ብቻ ይመቱት ጀመር። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው የመቱት። እንግዳው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጆሮውን አቆመ። ምን ይሰማል! ከእነዚያ ሁለቱ ንግግር አንዲት ቃል አጥሩን አላለፈችም። እኔ ያየሁት የእናቴ ጭልፋ ወደ ባሕሩ ሲቀሰር፣ ኋላም ሲወድቅ ነው። አጎቴ ቆቡን አወለቀ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መንደርተኛው «እርስዎ ለአጥሩ ቅርብ ነበሩ» እያለ ቢያስጨንቃቸው፣ ፑዋ «በዚያ ጊታር ጩኸት? ምን ልሰማ!» ይላሉ።

ሁለቱ በሩን ሲያልፉ፣ እናቴ ፊት፣ አጎቴ ኋላ፣ ፑዋ ቡራሂማ ክሩን አንዴ ሳብ አድርገው ለቀቁትና በመዳፋቸው አፈኑት። አለቀ። ዘፈን ጨረሱ! ሕዝቡ ግራ ገባው። አንዱ ከኋላ «ምነው፣ አመማቸው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

አጎቴ ሲድረኝ ድምፁ ተሰነጠቀ። ቢሰነጠቅም የአባቴን ስም ከስሜ ጋር ሲጠራው ሰማሁ። በሕይወቴ ከተዘፈኑልኝ ሁሉ ያችን ጥሪ የሚያክል የለም። ማብቂያ የማያውቁ ሰው በመንደራችን ስላኖረልን አላህን አመሰገንኩ፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ሌላ ጊታር መቺ ቢሆን ኖሮ ኢማሙ «ይብቃ» ባሉት ጊዜ ያበቃ ነበር።

ምግብ ቀረበ። ፑዋ ቡራሂማ እጃቸው ወደ ጊታሩ ሄደ። «ለምሳው አንዲት ብቻ፣ ይቺ የ...»

«ፑዋ!» አለች እናቴ። «እስቲ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ!»

ምንጣፉን ከኢማሙ ጎን ራሷ ዘረጋችላቸው። አጎቴ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ እጃቸውን አስታጠባቸው። የትልቁን ዓሣ ጭንቅላት እናቴ ጎምዘዝ ካለው መረቁ ጋር ፊታቸው አኖረችው፤ ትኩሱን የካሳቫ ቂጣ ደረበችበት። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ አጎቴን አዩ። ጉልበታቸውን እያቃሰቱ አጥፈው ተቀመጡ፤ ቂጣውን ቆርሰው መረቁ ውስጥ ነከሩና ጎረሱ።