ሳይጠሩ የመጡት አስተባባሪ

ዓይነ ስውር ሰው በዕድሜው ብዙ መንገድ ይሻገራል። ከተሻገራቸው መንገዶች ግማሹን ግን መሻገር አልፈለገም ነበር። ባጃጅ ሊጠብቅ ቆሞ፣ ጓደኛውን ሊጠብቅ ቆሞ፣ ወይም እንዲያው ፀሐይ ሊሞቅ ቆሞ ሳለ አንድ ደግ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ክንዱን አፈፍ ያደርግና ማዶ ያደርሰዋል። "እግዜር ይስጥልኝ" ካሰኘው በኋላ ጽድቁን ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። እንጅባራ ግን የደጎቹን ሁሉ አለቃ ይዛለች፤ ክቡር ጋሽ እንየውን።

መምህርት ሸጋ ከጋሽ እንየው ጋር የተዋወቀችው ማዶ ላይ ነው። ሸጋ ኩፍኝ በልጅነቷ ዓይኗን ወስዶባታል። ዛሬ ታሪክ አስተማሪ ናት፤ በነጭ በትሯ የእንጅባራን ጥጋጥግ ሁሉ ታውቀዋለች። አንድ ጠዋት ባጃጅ ልትሳፈር ቆማ ሳለ ሰፊ መዳፍ ክንዷ ላይ አረፈ። "ነይ ልጄ፣ አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ምንም አትሆኝም" አሏት ባለ መዳፉ፤ አፏን እስክትከፍት ድረስ ማዶ ደርሳለች።

"የት ነበር የምትሄጅው?" አሏት ካሻገሯት በኋላ።

"የትም፤ እዚያው ልቆም ነበር።"

ጋሽ እንየው ቅር አላላቸውም። መልሰው አሻገሯት። በአንድ ጠዋት ሁለት ጽድቅ ከቶውንም አይጠላም።

ከግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም፤ ሰው መርዳት ብቻ ነው። ተረጂው ይፈልግ አይፈልግ አይመረምሩም። ለዓይነ ስውር ሲናገሩ ጮክ ብለው ነው፤ ዓይን ሲጠፋ ጆሮም ተከትሎት የሚሄድ ይመስላቸዋል። ሻይ ቤት ሸጋን ካገኟት አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው "ስኳር ታበዛለች?" ብለው ይጠይቁታል። ሸጋም ራሷ "ታሳንሳለች" ብላ ትመልሳለች። ስማቸው እንየው መሆኑ ደግሞ ለዓይነ ስውራኑ ማኅበር የማያልቅ ስንቅ ነው። የዳንግላው ሙእሚን፣ ጥላና ብርሃን ከመለየት በቀር ሌላ የማያየው ባለ ሱቅ፣ "ምንም ባናይ እንየው አለን" ይላል።

ማኅበሩ የዘንድሮ ጉባኤውን በእንጅባራ እንዲያደርግ ሲወሰን አዘጋጆች ሆነው የተመረጡት ሸጋና ሙእሚን ናቸው። ጋሽ እንየውን የመረጣቸው ሰው የለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ቀን ግን ሁለቱ ገና ወንበር ሳይስቡ እሳቸው ተቀምጠው ነበር፤ ትከሻቸው ላይ አንድ ጥቅል ገመድ ይዘው። ማን እንደነገራቸው አልታወቀም። ውጡ ለማለትም ፊት ያለው ሰው ስላልተገኘ የኮሚቴው አባል ሆኑ።

ገመዱ ከአዳራሹ በር እስከ መጸዳጃ ቤቱ የሚወጠር ነበር፤ እንግዶቹ እሱን ይዘው እንዲሄዱ። ሸጋ እንግዶቹ በየከተማቸው ያለ ገመድ እንደሚኖሩ ብታስረዳቸው "ይሁን፣ ይሁን፣ ለክፉም ለደጉም" አሉና ዝርዝሩን ቀጠሉ። እያንዳንዱ ጉባኤተኛ ደረቱ ላይ "ዓይነ ስውር" የሚል ካርድ ይለጥፍ አሉ።

"ማን ሊያነበው ነው ጋሼ?" አለ ሙእሚን።

"እናንተው ናችሁዋ፤ እርስ በርስ እንድትተዋወቁ።"

ካርዱ በብዙ ልመና ቀረ። በመድረኩ ላይ በሚሰቀለው ጨርቅ ቀለም ግን ከሰዓቱን ሙሉ ተነጋገሩ። ጋሽ እንየው የኮሚቴውን ሐሳብ ሳይሰሙ መወሰን አልወደዱም፤ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ብለው ደጋግመው ጠየቁ። በመጨረሻ ሙእሚን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አረንጓዴ ይሁን፤ ሰማያዊ ፊቴን ያጠቁረዋል" አለ። ጋሽ እንየው ፊቱን አተኩረው አዩትና "እውነቱን ነው" ብለው አጸደቁ።

ጠቡ የመጣው ስለ መዝናኛው ሲነሣ ነው። ጋሽ እንየው ለሁለተኛው ቀን የያዙት መርሐ ግብር አንድ ቃል ነበር፤ ዕረፍት። ሸጋ ግን ሌላ ነገር አስባለች።

"ፈረስ እንጋልባለን" አለች።

ጋሽ እንየው ዝም አሉ። ከተዋወቁ ጀምሮ ዝም ሲሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

"ልጄ፣ ፈረስ እኮ ነው" አሉ። "ዓይን ያለውን ይጥላል።"

"ዓይን ያለውን ከጣለ እኛን ለይቶ የሚጠላበት ምክንያት የለም።"

የቀረውን አልነገረቻቸውም። የሸጋ አባት ፈረሰኛ ነበሩ። በጥር በዓል ወንድሞቿን አንድ በአንድ ኮርቻ ላይ ሲያፈናጥጡ እሷን አጥር ሥር አስቀምጠው "አንቺ እልል በይላቸው" ይሏት ነበር። እልልታዋ ያማረ ነው። አገር ሁሉ ፈረስ ላይ በሚያድግበት አገር ማኅበርተኛው በሙሉ አጥር ሥር ያደገ እንደሆነ ደግሞ በየስልኩ ስትጠይቅ ሰምታለች። ከጫግኒም ከአዘናም የደወለላት ሰው ሁሉ ስለ አልጋም ስለ ምግብም አልጠየቃትም፤ "የፈረሱ ነገር እውነት ነው?" ነው የሚላት።

ድምፅ ተሰጠ፤ ጋሽ እንየው ተሸነፉ። "እንግዲህ እጄን ታጥቤያለሁ" ብለው ተነሡ። በማግስቱ ገና በጠዋት የታጠበ እጃቸውን ይዘው ተመለሱ፤ በየፈረሱ ሥር ፍራሽ የሚነጠፍበትን መላ ሲያወጡ አድረዋል።

ጉባኤው ደረሰና እንግዶቹ በሚኒባስ ገቡ። የመጀመሪያው ቀን ባያምርም አለፈ። ገመዱን ጉባኤተኛው ሁሉ በበትሩ እየነካ ተሻገረው። የተጠለፈው ብቸኛ ሰው ዓይናማው የክብር እንግዳ ነበሩ፤ ጋሽ እንየው አቧራቸውን እያራገፉላቸው "ይኸው፣ አደጋ አለ ስል ማን ሰማኝ?" አሉ። ከሰዓት ዘንገና ሐይቅ ሲኬድም ጋሽ እንየው እንግዶቹን ከገደሉ አፍ አርቀው ስለያዟቸው የውኃውን ድምፅ የሰማ የለም። የአዘናዋ ሽንኩርት ነጋዴ እትዬ አምሳለ "ሐይቁ ወዴት ነው?" ብለው ቢጠይቁ፣ "ከታች ነው፤ አይዞሽ፣ አይደርስብሽም" አሏቸው።

ማታ ግን እትዬ አምሳለ ስለ ሐይቁ አላነሡም። ነጠላቸውን እያጣጠፉ "ነገ ነዋ" ብቻ አሉ።

በነጋታው የሸጋ ስልክ ጮኸ። ፈረሶቹን ሊያመጣ ቃል የገባው አዝመራው ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

"መምህርት፣ ምን አፍ ይዤ ልንገርሽ? አንድ ትልቅ ፈረሰኛ ዐርፈውብናል። ፈረሱ ሁሉ ወደ ለቅሶው ተነሥቷል።"

ሸጋ ነፍስ ይማር አለች። ፈረሰኛ ያለ ፈረስ አይሸኝም። አባቷም የተሸኙት እንዲሁ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ አዳራሹ ገባች። ሰዉ ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አጥብቆ ይጠብቃል። አንዳንዱ ለፈረስ ብሎ ሱሪ ቀይሯል። ነገረቻቸው።

የተቆጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ወንበር ሲጢጥ አለ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ እትዬ አምሳለ ስለ ሁሉም መለሱላት።

"ምንም አይደል ልጄ። ለምደነዋል።"

ሸጋ ያን ቃል ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ሙእሚን ተከተላት።

"ጋሽ እንየው ደስ ይበላቸው እንግዲህ" አለ። "የት አሉ? ጋሽ እንየው!"

መልስ የለም። እንደገና ጠራ። ከአዳራሹም፣ ከግቢውም፣ ከገመዱም ወገን መልስ የለም። ሸጋ በዚያን ጊዜ ልብ አለች፤ ከበሩ እስከ በረንዳው ስትመጣ ክንዷን የያዛት ሰው አልነበረም። ይኼን ስትመኝ ስንት ጊዜዋ ነበር፤ አሁን ግን ደስ አላላትም። ሰውየው እንዳሰቡት ሆኖላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ ማለት ነው። በልቧ ታዘበቻቸው።

ረፋዱ ላይ፣ ጉባኤተኛው በሰለቸ ድምፅ የሚነበበውን የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ እያዳመጠ ሳለ፣ ከውጭ ኮቴ ተሰማ። የአንድ ፈረስ አይደለም። ንባቡ ቆመ። ኮቴው ቀረበ፣ ልጓም ተንሿሿ፣ አንዱ ፈረስ አንኮራፋ። ከፈረሶቹ ይልቅ ጎልቶ የተሰማው ግን የሰዎቹ ማጉረምረም ነው።

"እኔ ወድጄ አይደለም የመጣሁት" ይላል አንዱ። ይኸነው የሚባል የጋሪ ነጂ ነበር። "ጋሪዬን አስፈትተውኝ እኮ ነው። ዛሬ ገበያ ነው አልኳቸው፤ ነገም ይገበያያል አሉኝ። እምቢ ስል ክንዴን ያዙኝ። ልቀቁኝ ስል እንደያዙኝ ወደ ጎረቤቴ ጋሪ ወሰዱኝና በሌላ እጃቸው እሱን ያዙት።"

ጋሽ እንየው ጋሪ ተራውን በዚህ ዓይነት አጽድተውት መጥተዋል። ጋሪ እንጂ ኮርቻ የማያውቁትን ፈረሶች ሊያስጭኑ ደግሞ በየሰዉ በር እየዞሩ ኮርቻ ለምነዋል። ለቅሶ ያልሄደ ቤት ሁሉ አንዳንድ ነገር አውጥቷል፤ አንዱ ኮርቻ፣ አንዱ እርካብ፣ አንዱ ከኮርቻ ላይ የሚጣለውን ግላስ ብቻ።

ሸጋ ወደ ትንፋሻቸው ተጠጋች። እንደ ሯጭ ያለከልካሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አይሆንም ሲሉ አልነበር?"

"አሁንም አይሆንም እላለሁ" አሉ። "ግን ያቺ ሴትዮ ለምደነዋል አለች። ሰው ምን አድርጎ ነው እንዲህ ያለውን የሚለምደው?" ቀጥለውም ወደ አዳራሹ ዞረው ጮኹ፤ "ተነሡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ደንቡን ማታ ታነቡታላችሁ።"

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ እትዬ አምሳለ ቀድመው ወጡ። ነጂው ልጓሙን ይዞ ፈረሱን አስኬደው። ጋሽ እንየው በአንድ ጎን እየሮጡ "ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ግራ አትዘንበይ" ይላሉ። እትዬ አምሳለ የሚሏቸውን አልሰሙም። መጀመሪያ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው ነበር፤ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ አንዱን እጃቸውን ለቀቁ። ሲወርዱ የፈረሱን አንገት አቅፈው ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ነጂውም አልቸኮለባቸውም።

የጋሪ ፈረስ መሆኑ ደግሞ የራሱ ጠባይ ነበረው። ሙእሚን እየጋለበ ሳለ ፈረሱ ፈጠን ቢልበት ማቆሚያው ጠፋውና በድንጋጤ "ወራጅ አለ" አለ። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው "ወራጅ አለ" በሚል ድምፅ ተሞላ። ነጂዎቹም ማጉረምረሙን ትተው፣ "ለእኔም ሰው ስጡኝ" ማለት ጀመሩ።

የሸጋ ተራ ሲደርስ ጋሽ እንየውን "አይሩጡልኝ" አለቻቸው። አልሰሟትም፤ ሮጡ። እሷም ይኸነውን "ፈጠን አድርገው" አለችው። ነፋሱ በጆሮዋ ግራና ቀኝ መጣ፣ ከበታቿ ያለው ትልቅ ሙቀት ከፍ ዝቅ አለ፣ የጋሽ እንየው ጫማ ድምፅ ወደ ኋላ ቀረ። የአባቷ ቤት አጥር የት እንዳለ አላወቀችም፤ ደግሞም ግድ አልሰጣትም። እልልታውን ሳታስበው አወጣችው። የዚህ ጊዜው እልልታ ለሌላ ፈረሰኛ አልነበረም፤ ለራሷ ነበር።

ስትወርድ ጋሽ እንየው አጠገቧ ደርሰው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

"አሁን የእርስዎ ተራ ነው" አለቻቸው።

"እኔ አስተባባሪ ነኝ።"

"አስተባባሪ አይጋልብም የሚል ደንብ አለን እንዴ ሙእሚን?"

"እስካሁን ካነበብነው ውስጥ የለም" አለ ሙእሚን።

ጋሽ እንየው ጥቂት አፈገፈጉ። ከዚያ በዚያ ጉባኤ ያልተሰማ ቀጭን ድምፅ ወጣቸው። "ልጄ፣ እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እፈራለሁ።"

አዊ ምድር ላይ ሸብቶ ፈረስ ላይ ያልወጣ ሰው እንዲህ በአደባባይ መናዘዙ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ አምሳለ ክንዳቸውን ፈልገው አገኙና ያዙት። ይኸነው በሌላው ወገን ቆመ። እምቢ ሲሉም ማንም አልለቀቃቸውም። እንዴት እንደሆነ ሳያውቁት ኮርቻው ላይ ተገኙ።

"ልጓሙን ለእኔ ስጠኝ" አለችው ሸጋ ይኸነውን።

በትሯን በአንድ እጇ ወደ ፊት ዘርግታ፣ ልጓሙን በሌላው ይዛ መራመድ ጀመረች። ፈረሱ አረማመዷን ተከተለ። ከበላይዋ ጸሎት የሚመስል ነገር ይሰማታል።

"ምን ይታይዎታል ጋሽ እንየው?"

"ምንም። ዓይኔን ጨፍኛለሁ።"

ሳቋን ዋጠች። "ይሁን፤ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ" አለቻቸው።

በሜዳው ዳር ሲታጠፉ ጸሎቱ ቀነሰ። ቀጥሎ ቆመ። ኮርቻው መንቀጥቀጡን ተወ፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ ከላይ ወረደ። ዓይናቸውን መቼ እንደገለጡ ሸጋ አላወቀችም። አልጠየቀቻቸውምም። ሰዉ ቆሞ ወደሚጠብቅበት ሲደርሱ ልጓሙን ወደ ሜዳው መልሳ አንድ ዙር ጨመረችላቸው።