ሐኪሞች የሮጡበት ዓርብ

ሐኪም መሮጥ የለበትም። ተማሪ ይሩጥ፣ የሚኒባስ ረዳት ይሩጥ፣ ካሻው በሽተኛም ይሩጥ። ሐኪም ግን እጁን ጋዋኑ ኪስ ከትቶ፣ ምንም ያልተፈጠረ መስሎ፣ ቀስ ብሎ ነው መሄድ ያለበት። «ለጤናችሁ ሩጡ» እያለ ስንቱን ሲመክር የኖረ ሰው ይህን ሲል ይገርማችሁ ይሆናል። ግድ የለም፣ ይግረማችሁ። የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ንፋስ መውጫ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሁለት ጓደኞች አሉኝ። ይበልጣል ቀዶ ጥገና ይሠራል፤ ቁመቱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያሰኘው፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ምሳ የማይበላ ሰው ነው። ማስተዋል የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ናት፤ ጥቂት ትናገራለች፣ ብዙ ትሮጣለች።

አብረውን የተማሩ ሐኪሞች አንድ ነገር ጠነሰሱ። የዓመት እረፍታችንን አገጣጥመን ከንፋስ መውጫ እንነሳና፣ ወደ ታች ጋይንት ወርደን፣ የስማዳን ገደል አቋርጠን፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ እስክንገባ ድረስ ለተከታታይ ቀናት እንሩጥ አሉ። በመኪና መንገድ እንዳይመስላችሁ፤ ፍየል በምትሄድበት ነው። እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በእልህ ነው። አንዱን ታካሚዬን «ሆድዎን መቀነስ አለብዎት» ስለው፣ የእኔን ሆድ ረጋ ብሎ አየና «እሺ ዶክተር፣ አብረን እንጀምር» አለኝ።

ጠንሳሾቹ ነገሩን «ቻሌንጅ» ይሉታል። ይበልጣል ደግሞ አማርኛ ሲበረዝ አይወድም። «ቻሌንጅ ብሎ ነገር የለም፤ ፈተና ነው የሚባለው» አለ። ጥሩ ቃል ነው ብለን ሁላችንም ተስማማን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ልምምዱን የጀመርነው እዚያው ከተማችን ውስጥ ነበር። ግን ማን ያስሮጠናል? ባጃጁ ሁሉ አጠገባችን እየቆመ «ዶክተር፣ ይግቡ ላድርስዎ» ይላል። መሮጤ ነው ስለው «አይቸገሩ፣ በዚያው ነኝ» ብሎ እስከ መታጠፊያው ድረስ ከጎኔ ይነዳል። በመጨረሻ ሰው ወደማያውቀን አገር ሄደን እንለማመድ ተባባልን። ሦስታችንም ተረኛ ያልሆንንበት ቀን ስንፈልግ ዓርብ ተገኘ። መኪናችን ወደ ታች ጋይንት ከሚወርደው መንገድ አናት ላይ እንዲያወርደን፣ እኛ በእግር መንገዱ ቁልቁል ሮጠን አርብ ገበያ እንድንገባ፣ መኪናው እዚያ እንዲጠብቀን ተስማማን። እስቲ አስቡት፣ ሦስት ሐኪሞች ቁጭ ብለን መክረን፣ ሰው የሌለበት መንገድ ፍለጋ፣ በዕለተ ዓርብ፣ ስሙ አርብ ገበያ ወደሚባል ከተማ።

መንገዱ ሰውና አህያ ብቻ ነበር። የታች ጋይንት ገበሬ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ዶሮውን ይዞ ይወርዳል። በእኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ ዘሎ ማለፍ ነውር ነው። «እንዴት አደሩ» ይባላል፤ እርሳቸው እግዚአብሔርን አመስግነው መልሰው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ቤተሰቡ አለ፣ ከብቱ አለ፣ አዝመራው አለ። ይበልጣል ለየሰላምታው የእጅ ሰዓቱን እያቆመ፣ እንደገና እያስነሳ ይሮጣል። እኔ ሰላምታ እወዳለሁ፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ይሆነኛል።

አንድ ቦታ ላይ ገብስ በአህያ የጫኑ አዛውንት መንገዱን ዘግተው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ ምን መጣ? ማን ነው የሚያባርራችሁ?»

ይበልጣል በጀርባው ውሃ የሚይዝ ከረጢት አዝሏል፤ ከከረጢቱ ቱቦ ወጥቶ አፉ ውስጥ ይገባል። ቱቦውን አወጣና ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ፈተና ነው አባቴ... ሳንዘጋጅ እንዳይደርስብን...» አለ። ከዚያ ቱቦውን መልሶ ጎርሶ ሮጠ።

አዛውንቱ አማተቡ። እኔ ለእኛ የጸለዩልን መስሎኝ «አሜን» ብዬ አለፍኩ። ከኋላ አንድ ሰው «እነዚህኮ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ናቸው» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ማስተዋል ምንጭ አጠገብ አስቆመችንና እግራችሁን አፍታቱ አለችን። እኛ እግር ስናፍታታ ወሬው በአቋራጭ ወረደ። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ መጀመሪያ ላይ «ሐኪሞች ፈተና መጣ እያሉ ሲሮጡ አየን» የሚል ነበር። ትንሽ ዝቅ ሲል «ሐኪሞቹ በሽታ ሸሽተው እየመጡ ነው» ሆነ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ «ረጅሙ በቱቦ ነው የሚተነፍሰው፤ ሴቲቱ አንደበቷ ተይዟል» ተባለ። ምስኪን ማስተዋል፣ ዝምታዋ እንዲህ ተተረጎመላት።

አርብ ገበያ ስንገባ ገበያው ሊፈርስ ነበር። የተዘረገፈው እህል ወደ ጆንያ ይመለሳል፤ አህዮች ከነጭነታቸው ወደ መጡበት ዞረዋል፤ ሴቶች ሕፃን እያዘሉ እርስ በርስ ይጣራሉ። እኛ ብቅ ስንል ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ሰፊ መንገድ ለቀቀልን፤ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ይበልጣል ለክብሩ የተለቀቀለት መስሎት ሁለት እጁን ሽቅብ አነሳ። ያን ጊዜ የቆሙትም መሸሽ ጀመሩ።

ያልሸሹት የኔታ ብቻ ነበሩ። የኔታ በከተማው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኛ መጡ።

«ልጆቼ፣ እውነቱን ሳትደብቁ ንገሩን። የመጣው ፈተና የሥጋ ነው የነፍስ?»

ይበልጣል አሰበ። «የእግር ነው የኔታ» አለ።

ሕዝቡ በሙሉ የየራሱን እግር አየ።

ነገሩ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሽታ የሚባል ነገር አልመጣም፣ ማንም አያባርረንም፣ ሩጫ እየተለማመድን ነው ብዬ ተናገርኩ።

«ለምን?» አሉ የኔታ።

«እንዲሁ ነው የኔታ። ከንፋስ መውጫ እስከ መካነ ኢየሱስ ልንሮጥ ነው።»

«መኪና ጠፍቶ?»

«መኪናማ አለ።»

የሰዉን ፊት ስመለከት ወረርሽኙ ይሻለን ነበር የሚል ይመስላል። ከኋላ አንዱ «ሐኪም መቼ እውነት ይናገራል? ነፍሱ የምትወጣውንም ደኅና ነው ነው የሚሉት» አለ። ሌላው አህያውን ነዳ።

ይህን ጊዜ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ «ታዲያ እማማ አንጓችን በከንቱ ነዋ ያባረራችኋቸው» አለችኝ።

እማማ አንጓች የልብ ታካሚዬ ናቸው። ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ፣ መተኛት ተስኗቸው፣ ትራስ ደራርበን ቁጭ እንዳሉ ነበር ሌሊቱን የሚያነጉት። ስንሸኛቸው «ምንም ቢሆን ዳገት ላይ አይቸኩሉ» ብዬ አጥብቄ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

«ወዴት ሄዱ?»

ሴትየዋ ከገበያው ማዶ ያለውን ዳገት በአገጯ አሳየችኝ። ነጭ ነጠላ ሽቅብ ይወጣል። አካሄዱ የልብ በሽተኛ አካሄድ አልነበረም።

ሮጥኩ። ከልምምድ ሁሉ እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። «እማማ አንጓች፣ ይቁሙ» እያልኩ ተጣራሁ። ዞር አሉ። እስቲ በእርሳቸው ቦታ ሁናችሁ እዩት፦ ሐኪሞች ከበሽታ እየሸሹ ነው ተብሏል፤ ዞር ስትሉ የገዛ ሐኪማችሁ፣ እግሩ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ሱሪ ለብሶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ እያለከለከ ሽቅብ ይመጣል። እማማ አንጓች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ፍጥነት ጨመሩ።

እኔ ስፈጥን እርሳቸው ይፈጥናሉ። እኔ ቀስ ስል ይርቁኛል። ስጮህ ይበልጥ ይደነግጣሉ፤ ዝም ብል ማን ያስቆማቸዋል? እንዲህ ያለውን ነገር ትምህርት ቤት አላስተማሩንም። አሁን እየሳቅሁ እነግራችኋለሁ እንጂ ያን ጊዜ ሳቅ አልነበረም። እኚህን ሴት ከሞት አፋፍ መልሼ፣ በጤና ስፖርት ልገድላቸው ነው እያልኩ ነበር የምሮጠው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። የእኔ የጫማ ክር ነበር። ረግጬው ተደፋሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ከሥሬ ዞረና ሳላስበው አገር የሚሰማው ጩኸት አወጣሁ።

ቀና ስል ነጠላው ቆሟል። ሰው ወድቆ እያዩ ጥሎ መሄድ እማማ አንጓች አይሆንላቸውም። በሽታው እንደሆነ በሽታ፣ ሞቱም እንደሆነ ሞት ብለው መሰለኝ፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየያዙ ቀስ ብለው ወረዱና አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«ልጄ፣ ያዘህ?» አሉኝ።

«ምንም አልያዘኝም እማማ። እግሬ ነው።»

«ከእግር ነው የሚጀምረው?»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። እጃቸውን ያዝኩና የደም ሥራቸውን ዳሰስኩ። ይፈጥናል፤ ግን አይዛባም። አስፈቅጄ ጀርባቸው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ የሚያሰማው ድምፅ የለም። ጥቂት እንደቆየን ትንፋሻቸው ረጋ አለ፤ የእኔም አብሮ ረጋ። እኔ ይህን ሳደርግ እርሳቸው ጫማዬን አውልቀው ቁርጭምጭሚቴን ያሹ ነበር። ማስተዋል ደርሳ ሁለታችንን ካየች በኋላ «የትኛችሁን ልመርምር?» አለች። በዚያ ቀን ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው።

ለእማማ አንጓች ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው። ሩጫ እንጂ ሽሽት እንዳልሆነ፣ ፈተና ያልነው የሩጫውን ስም እንደሆነ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እኔን ዳገት ላይ አይቸኩሉ ትለኛለህ» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ለአንተስ የሚነግርህ ሰው የለህም?»

እጄን ለማስተዋል ዘረጋሁና ተነሳሁ።

ስንወርድ አንድ እጄ የማስተዋል ትከሻ ላይ፣ ሌላው የእማማ አንጓች ዘንግ ላይ ነበር። እማማ አንጓች ከጎኔ እያረፉ ይሄዳሉ፤ እርሳቸው ሲያርፉ እኔም አርፋለሁ። ገበያተኛው ቆሞ ቁልቁል አወራረዳችንን ያያል። የኔታ ብዙ ተመለከቱንና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ጭነታችሁን አራግፉ» አሉ። «ከመቅሠፍት የሚሸሽ ሰው እንዲህ አይንፏቀቅም።»

የእኔ ንግግር ያላስቆመውን ገበያ መንፏቀቄ አስቆመው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ጆንያዋን ፈታች፤ ከዚያ አህዮቹ አንድ ባንድ ዞሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ክርክሩና ጫጫታው ተመለሰ። እማማ አንጓችን በመኪናችን ሆስፒታል ወስደን በደንብ መረመርናቸው፤ ከእኔ የተሻሉ ነበሩ። እርሳቸው በማግስቱ ቤታቸው ገቡ፤ እኔ በክራንች ወደ ሥራ ገባሁ። ታካሚዎቼ በሙሉ ምን ሆነህ ነው ሳይሉኝ አልቀሩም። ስፖርት ስሠራ ነው ብዬ ስመልስ፣ ለብዙዎቹ ስፖርት እንደማያስፈልግ ማስረጃ ሆንኩላቸው።

እግሬ ሙሉ በሙሉ ሳይሽር የሩጫው ቀን ደረሰ። ጓደኞቼ አርብ ገበያ ላይ ፋሻ ይዘህ ጠብቀን አሉኝ። የኔታም በቀዳሚው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ጉዳዩን አስረድተው ነበርና፣ ያን ቀን ማንም አልደነገጠም። እማማ አንጓች ዋንጫ ሙሉ እርጎ ይዘውልኝ መጥተው ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሐኪሞቹ ላብ በላብ ሆነው፣ ከፊት ማስተዋል፣ ከኋላ ይበልጣል፣ አቧራውን እያስነሱ ደረሱና ወደ ስማዳ አቅጣጫ አለፉ።

ከስማዳ ፍየል ሊሸጡ የመጡ አንድ ሰውዬ ግን ወሬውን አልሰሙም ኖሮ ክው ብለው ቆሙ። ወደ እማማ አንጓች ጠጋ ብለው፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» ብለው ጠየቁ።

እማማ አንጓች ዓይናቸውን ከሯጮቹ ሳያነሱ፣ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምንም አልሆኑም» አሏቸው። «ተምረው ነው።»