ሻርፕ ፍለጋ

በሽታም እንደ እንግዳ ነው፤ አንዱ በፊት ለፊት በር ይገባል፣ ሌላው በጓሮ። ሪህና ስኳር በፊት በር ነው የሚገቡት፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራላቸዋል። እኔም ስለ ጉልበቴ የጠየቀኝ ሰው ምሳው ያልፈዋል። የጭንቅላት ነገር ግን የጓሮ እንግዳ ነው፤ የልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ነቅንቀን እንደብቃለን።

ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር ቡራዩን ባመሳት ሰሞን፣ የጎረቤቴ የአዴ ብርቄ ልጅ ሌሊሴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተኩስ መሐል ገባች። አጠገቧ ሰው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አፏ ተዘጋ፤ ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ናት። ማንም አልነገረኝም፤ የምንጋራው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ ምስጢር አይችልም። እናትየዋ «ጉንፋን ነው» ትላለች። ምን ታድርግ? ትልቋን ልጇን ሽማግሌ ልኮ የጠየቀ አለ፤ «ዘራቸው ውስጥ እብደት አለ» ከተባለ ሽማግሌው በመጣበት እግሩ ይመለሳል።

ኋላ ስብሰባ ተጠራን፤ አዴ ብርቄም ሌሊሴን ይዛ መጣች። ከክልል የመጣ ልጅ እግር ሹም፣ ለሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ሕግ ሊወጣ ነው አለን።

«ችግሩ ባለበት ከተማ ባለሙያ ይመደባል። እዚህ እንዲህ የሆነ ልጅ አለ?»

እኔ አላስቻለኝም። «አለ እንጂ! እኛው ሰፈር...» ብዬ ተነሣሁ።

አዴ ብርቄ ሌሊሴን ወደ ጎኗ ሳብ አድርጋ፣ «ያንቺን አፍ የሚያክም ሕግስ አልወጣም?» አለችኝ። አዳራሹ አውካካ። ዕድሜ ልኬን ወሬ ሳቀብል የታመንሁ ሴት፣ እውነት በተናገርሁ ዕለት የሚያምነኝ አጣሁ።

ሹሙም ሳቀ። «ገለቶማ፣ እናመሰግናለን! እንግዲህ ከተማችሁ ጤነኛ ናት፤ ባለሙያው ለተቸገረ ይሰጥ» አለ። አጨበጨብን፤ ጭብጨባ ላይ እንኳ አንታማም።

ሌሊሴ አግዳሚው ሥር ገባች።

ጭብጨባው ተቆረጠ። ያላየ የለም። አዴ ብርቄ፣ «ሻርፗ ወድቆባት ነው» አለች።

ሻርፑ የልጅቱ አንገት ላይ ተጠምጥሟል።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ቶላ ከዘራቸውን አጋድመው፣ «እስኪ እንፈልግላት» ብለው ጎንበስ አሉ። የሰፈሬ ሰው ደግ ነው፤ ሰው ሲዋረድ ማየት አይወድም። ወንዱም ሴቱም እየተንበረከከ ወለሉን ይዳብስ ጀመር፤ ሹሙ ሳይቀር ከመድረክ ወረደ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ኖሯል? እኔም ተንበረከክሁ። ሌሊሴ ከአግዳሚው ሥር ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ እኔ ሻርፕ እፈልጋለሁ።